ከቅዳሴ በኋላ በግቢ መሰባሰብ ወይስ በየሰፈሩ መገናኘት?

የባሕር ዳር–ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ቢመሠረትም፣ በጎጃም ያለነው ካቶሊካውያን ጥቂቶችና ተራርቀን የምንኖር በመሆናችን፣ የቁምስና (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ኅብረት በምን መንገድ ይጠንክር የሚለው ጥያቄ ያሳስበኛል።

ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በግቢው ተቀምጦ ቡና መጠጣት ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም፤ ቆሞሱም፣ ማለትም የቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ ምእመናኑን በአንድነት ያገኛቸዋል። ነገር ግን የሚተዋወቁት እርስ በርስ ሲጨዋወቱ አዲስ የመጣው ሰው ዳር ይቀራል፤ ታሞ ከቤት የዋለውንም ማንም ላያስታውሰው ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አጥብቀው የያዙት፣ ጥቂት ጎረቤታሞች በየቤቱ ተራ ገብተው ወንጌል የሚያነቡበት፣ የሚጸልዩበትና የተቸገረውን የሚጠይቁበት ንኡስ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰብ ነው። ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጽዋ ማኅበርን ተራ፣ የእድርን መደጋገፍና የደቦን ጉልበት ሲያይ ያደገ ነውና። በየቤቱ ሲሆን ደግሞ ኦርቶዶክሳዊ የትዳር ጓደኛ ወይም ጎረቤት ሳይሸማቀቅ አብሮ ይቀመጣል፤ ይህን እኔ ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ።

ችግሩ ድግሱ ነው። ተረኛው ጠላና እንጀራ ማቅረብ ግዴታው ከመሰለው፣ ድሀው ተራው ሳይደርስ ይቀራል፤ ስለዚህ ከቡናና ከቆሎ እንዳያልፍ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በክረምት ጭቃና በአጨዳ ወቅትም የመገናኛው ቀን መራራቅ አለበት።

ሁለቱን ሳመዛዝን የሰፈሩን እመርጣለሁ፤ የግቢው ቡና ግን ሰፈሮቹ እርስ በርስ እንዳይራራቁ በዓመት በዓል ቢቀጥል መልካም ነው።