ሳልቫጅ ወይስ ቡቲክ? መጅሊስ ወይስ ሶፋ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ኪስ የተደረገ ንጽጽር

እኔ ደሴ ነኝ፣ እህቴ ኮምቦልቻ። በመሃላችን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መድረስ ነው። ስልካችን ላይ የምናየው ያው አንድ ነው። ሰፋፊ ሱሪ፣ ክሬም ሶፋ፣ ጣሪያው ዙሪያውን መብራት የተሰመረበት ሳሎን። አንድ ሰሞን ሁለታችንም አንድ ዓይነት ወፍራም የቬልቬት መጋረጃ ገዛን። የኔ እስካሁን ተሰቅሏል። የሷ ሁለት ወር ሳይሞላው ወረደ፤ ዛሬ የፍራሽ መሸፈኛ ነው። "ቤቱን ምድጃ አደረገብኝ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ይህ ልዩነት ብቻውን ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ፋሽኑ ከቲክቶክ ይመጣል፤ ብርዱ ግን ከጦሳ ተራራ ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው ከታች ያለውን ሁሉ ሁለቱን ከተሞች እያየሁ ያወዳደርኩት።

ዋጋ በብር አልጽፍም። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየሁም። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። "ከዚህ ይሄ ይረክሳል" ብል ግን ብዙ ጊዜ አልሳሳትም።

ልብስ፦ ሳልቫጅ፣ ቡቲክ ወይስ ልብስ ሰፊ?

ከካፖርት ልጀምር፤ የደሴ ሰው ነኛ። ለካፖርት፣ ለሹራብና ለወፍራም ጃኬት ሳልቫጅን የሚያህል የለም። አዲስ የሱፍ ካፖርት ቡቲክ ገብታችሁ ብትጠይቁ ሳትለብሱት ዋጋው ብቻ ያሞቃችኋል። ያውም አብዛኛው ሱፍ የሚመስል ፖሊስተር ነው። ሳልቫጅ ውስጥ ግን ብርድ አገር ሲለበስ የኖረ እውነተኛ ሱፍ ይገኛል። ዋናው ነገር ቦንዳው በሚፈታበት ጠዋት መድረስ ነው። ከሰዓት የሚሄድ ሰው የተመረጠውን ነው የሚመርጠው።

ብብቱን፣ አንገትጌውን፣ ገበሩን ገልብጣችሁ እዩ። ዚፑን አምስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብል የበላው ቀዳዳ ካለ ፈልጉ። ቤት ስትገቡ ደግሞ "ልባሽ ነው፣ በፈላ ውሃ ልቀቅለው" እንዳትሉ። ሱፍ በፈላ ውሃ ከገባ የእናት ካፖርት የልጅ ይሆናል። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አስጡት።

የሳልቫጅ ጫማ ግን አልመክርም። የስፖንጅ ሶል ሳይደረግ ተቀምጦም ያረጃል። ላዩ አዲስ መስሎ ሶሉ ውስጥ ውስጡን ይፈረፈራል። እኔ አንዱን ገዝቼ በክረምት ጭቃ መሃል ሶሉን ጥዬ ቤቴ ገብቻለሁ።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ የለም፤ "አልሆነኝም" ብሎ መመለስም የለም። ኬላ የጠበቀ ሰሞን ዋጋው በአንድ ሌሊት ይሰቀላል። ቡቲክ ቢያንስ ሱቁ ነገም እዚያው ነው፤ ሄዳችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

አሁን ወደ ሰፊው ሱሪ። እዚህ ላይ ሳልቫጅም ቡቲክም በልብስ ሰፊ ይሸነፋሉ። ቡቲክ ያለው ሱሪ ወገቡ ሲሆን ቁመቱ አይሆንም፤ ቁመቱ ሲሆን ዳሌ ላይ ይይዛል። ስታስቆርጡት ደግሞ የታችኛው ስፋቱ ይበላሻል። አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ጨርቅ ከሆነ ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ለአንድ ሰፊ ሱሪ ይበቃል። ጨርቁን ራሳችሁ ግዙ፣ ፎቶውን ከስልካችሁ አሳዩ፣ የምትወዱትን አሮጌ ሱሪ ለልክ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉም በፊት ግን ጥጥ ከሆነ ጨርቁን ሳታሰፉ አንድ ጊዜ እጠቡት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። እኔ ይህን የተማርኩት ቁርጭምጭሚቴ ላይ የቆመ ሱሪ ለብሼ ነው።

የልብስ ሰፊ ችግሩ አንድ ነው፤ ቀጠሮ።

"ጋሼ፣ ሱሪዬ ደረሰ?"

"ነገ ነይ እቴ፣ ኢንሻአላህ። ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።"

ቁልፉ ብቻ ስድስት ቀን ፈጀ። ወሎ ደግሞ ኢዱም ፋሲካውም፣ መውሊዱም ገናውም የሁሉም በዓል ነው። ልብስ ሰፊው የሚያርፍበት ወር የለም። ለበዓል የምታሰፉ ከሆነ ወር ሲቀረው ስጡ።

ቡቲክን ለምን ልተወው? ጂንስ፣ ጫማ፣ ትከሻው የቆመ ኮት፣ እነዚህን የሰፈር ልብስ ሰፊ ሁሉ አይወጣቸውም። ሻጩ "ቱርክ ነው" ሲላችሁ ግን ፈገግ በሉና ስፌቱን እዩ። ማንኛውም ልብስ ደሴ ሲገባ ቱርክ ይሆናል። ስፌቱን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሳቡት። ክሩ ፈገግ ብሎ ጥርሱን ካሳየ ከሁለት እጥበት በኋላ ይለቃል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድመው ጨርቁ ራሱ ነው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። የእህቴ ዘዴ ቀላል ናት። ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር ትመዛለች፤ ከሱቁ ወጣ ብላ በክብሪት ትለኩሰዋለች። ወረቀት ሲነድ እንደሚሸተው ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ተኮማትሮ ቀልጦ እንደ ጠጠር ከደረቀ ፖሊስተር። አንዱ ባለሱቅ "ሱቄን ልታቃጥይው ነው እንዴ!" ብሎ ጮኾባት ነበር። ጨርቁን ግን "ጥጥ ነው" ማለቱን ተወ።

ለአባያም ያው ነው። ለደሴ ወፈር ያለ ክሬፕ፣ ለኮምቦልቻ ቀለል ያለ ኒዳ። ከዓረብ አገር ዘመድ ካልላከላችሁ በስተቀር ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት ይረክሳል።

ቴሌግራም ላይ ማዘዝስ? ከአዲስ አበባ በመኪና ይላክላችኋል፤ ምርጫው እኛ ጋ ካለው ይበልጣል። እኔ አንድ ቻናል ላይ ካፖርት አዝዤ ነበር። ፎቶው ላይ ካፖርት ነው። የመጣልኝ ሽርጥ የሚያክል ስስ ነገር። ብሩን ቀድሜ ልኬ ስለነበር የሻጩ ስልክ "አይመልስም" ሆኖ ቀረ። አሁን ፎቶ አይቼ አላዝም፤ ልብሱን በእጅ ይዘው የሚያሳዩበት ቪዲዮ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። የማይልክ ከሆነ ይቅርብኝ።

ቤት፦ መጅሊስ ወይስ ሶፋ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው፤ ረዘም አድርጌ ላውራው።

መጅሊስ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን መደብ ነበራቸው። ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ መቀመጫ፣ ላዩ ላይ ቁርበት ወይም ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። መጅሊስ ማለት ስፖንጅ የለበሰ መደብ ነው። እኛ አገር የተወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ቡና ሲፈላ፣ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ሲቀመጥ፣ ለቅሶ ሲደርስ ስንት ሰው እንደሚመጣ አይታወቅም። ሶፋ "ስድስት ሰው" ብሎ ይወስናል። መጅሊስ ላይ ግን "ጠጋ በሉ" ነው።

ዋጋውም በሜትር ስለሆነ ለኪስ ይመቻል። አራት በአራት የሆነ ሳሎን ሦስቱ ግድግዳ ቢያዝ አስራ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። ዘንድሮ አንዱን ግድግዳ፣ ለከርሞ ሁለተኛውን መሥራት ይቻላል። ብቻ ጨርቁን ለሦስቱም ባንድ ጊዜ ግዙ፤ ለከርሞ ያው ቀለም አይገኝም።

ሶፋ የሚያሸንፍባቸው ቤቶችም አሉ። የእናቴ ቤት አንዱ ነው። መጅሊሱ ቆንጆ ነበር፤ እናቴ ግን ጉልበቷን እየያዘች ነበር የምትነሳው። ለአዛውንት መሬት የነካ መጅሊስ ቅጣት ነው። ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት መሠረት አሠርተን ነው የተገላገልነው። እሱ ሲጨመር ዋጋው ከሶፋ ብዙም አልራቀም። ቤት የሚከራይ ሰውም ያስብበት። ለአንድ ሳሎን ልክ የተሠራ መጅሊስ ሌላ ቤት ሲገባ ጥግ ላይ ይተርፋል ወይ ያጥራል። ሶፋ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ።

ሁለቱም ግን የሚያልቁት ስፖንጁ ላይ ነው። ሻጭ "ጠንካራ ነው" ይላል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። ስፖንጅ በዴንሲቲ ይለካል፤ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ዴንሲቲው 25 ከሆነ 5 ኪሎ መመዘን አለበት። 30 ከሆነ 6 ኪሎ። ሦስት ኪሎ ተኩል ከመጣ በዓመቱ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ጨርቅ ላይ ቆጥቡ፣ ጨርቅ ይቀየራል። ስፖንጅ ላይ አትቆጥቡ።

ክሬም ሶፋ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ልጅ ካለ አትሞክሩት። ደሴ ላይ የክረምት ጭቃ፣ ኮምቦልቻ ላይ አቧራ አለ። የግድ ከሆነ ሽፋኑ በዚፕ የሚወልቅ ይሁን። ከሁሉም የሚረክሰው ደግሞ ያለውን አሮጌ ሶፋ ማስለበስ ነው። የድሮ ሶፋ እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዛሬው ይሻላል፤ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ አንሱት፣ ካልተንቋቋ ጨርቁንና ስፖንጁን ብቻ አስቀይሩ። የእኔ እንደዚያ ነው፤ እንግዳ ሁሉ "አዲስ ገዛሽ?" ይለኛል።

መጋረጃ

ተሰፍቶ ያለቀ መጋረጃ የመስኮታችሁን ልክ አያውቅም። መሬት ሳይደርስ የቆመ መጋረጃ ደግሞ የተማሪ ሱሪ ይመስላል። በሜትር ገዝታችሁ አሰፉ። ብዙው የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱ 2.80 ሜትር ስለሆነ ቁመቱ በዚያ ይሸፈናል፤ እናንተ የምትቆጥሩት የመስኮቱን ስፋት ነው። እጥፋት እንዲኖረው ስፋቱን በሁለት አባዙ። ሜትር ተኩል መስኮት ሦስት ሜትር ጨርቅ። ሻጭ "ሦስት እጥፍ ካልሆነ አያምርም" ቢላችሁ አትስሙት።

ለደሴ ወፍራሙ ላይ ገበር። ለኮምቦልቻ ስስ፣ ነጣ ያለ፣ አየር የሚያሳልፍ። የብረቱን ዘንግ ከመስኮቱ በላይ ወደ ጣሪያው አስጠግታችሁ ብታሰቅሉት ዝቅ ያለ ቤት ከፍ ያለ ይመስላል። ለዚህ ተጨማሪ አንድ ብር አይከፈልም።

ምንጣፍ፣ አንሶላ፣ ግድግዳ

የፋብሪካ ምንጣፍ ቀለሙ ይማርካል፣ ቀላል ነው፣ ይታጠባል። ለኮምቦልቻ እሱ ይበቃል፤ እንዲያውም ሊሾ ባዶውን ቢሆን ይሻላል። ለደሴ ግን ከደጋው የሚመጣውን የበግ ጠጉር ሥራ ሳታዩ አትግዙ። ባናም ዝተትም የእኛው አገር ነው። ጥቁር፣ ቡኒ፣ ነጭ፣ የበጉ የራሱ ቀለም። አሁን "ተፈጥሯዊ ቀለም" እየተባለ በስልክ የምናየው ይኸው አይደል? ከመግዛታችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉበት፤ የተቀባ ቀለም ካለው ይለቃል። ፀሐይ ላይ አራግፉት፣ ብል አይወድም።

አንሶላና ፎጣ ላይ ከውጭ የመጣ አልፈልግም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ የአገር ውስጥ ጥጥ አንሶላ ከሚያንሸራትተው ፖሊስተር ይሻላል። መልኩ ቀለል ያለ ነው፤ ትራስ ልብሱን በሌላ ቀለም አሰፍታችሁ ስታደርጉበት ይደምቃል።

ግድግዳ ላይ ቀለም እንጂ ወረቀት አይሁን። በተለይ ደሴ፣ በተለይ ጭቃ ቤት። እርጥበቱ በክረምት ወረቀቱን ከጥግ ጀምሮ ያነሳዋል። አንዱን ግድግዳ ብቻ በሌላ ቀለም መቀባት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ያቺ ዙሪያውን የምትበራ የመብራት ሪባን ርካሽ ናት፤ ግዙ፣ አልከለክልም። ግን አምፖሉን ከሷ በፊት ቀይሩ። ካርቶኑ ላይ 6500 የሚል ካያችሁ ነጭ፣ የፋርማሲ ብርሃን ነው። 3000 የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ ያለው ሳሎኗ ላይ ነጩን አድርጋለች፤ "ቢጫው ሙቀት ሙቀት ይለኛል" ትላለች። እኔ ደሴ ላይ ቢጫውን። ብርድ ሲሆን አይቼው ራሱ ይሞቀኛል።