አራት ዓይነት ማስክ ሞክረን በአንዱ ብቻ ድራማ ሰራን

«እኔ ነኝ የሰራሁት!» ይላል ልጁ መሃል መድረክ ላይ ቆሞ ደረቱን እየደቃ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የሒሳብ አስተማሪያችን ደግሞ ወደኔ ዘወር ብላ «ምን አይቶ ነው የፈራው?» አለችኝ። በቃ ያኔ ነው የገባኝ። ማስክ ለብሶ ድራማ መስራት ማለት ሰ እና ፈ አንድ የሚሆኑበት ዓለም ውስጥ መግባት ማለት ነው። ሸም እንደዛው። ትንፋሽ የሆኑትን ድምፆች ማስኩ ይውጣቸዋል፣ ቀ ጠ ጨ ግን ፈንጠር ብለው ስለሚወጡ ደህና ይሰማሉ፣ እኛ ደግሞ ሲቀናን የድራማችን ርዕስ ራሱ ላይ ጨ አለችበት፣ እምቦጭ ነው የሚባለው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ባህር ዳር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፣ የድራማ ክበቡንም የያዝኩት እኔ ነኝ (ማንም ስላልፈለገው)። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 አገር ገባ ተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከዛ በ2013 ልጆቹ በፈረቃ ማስክ አድርገው ሲመለሱ ድራማ ማን ያስበዋል፣ ክበቡ ሞቶ ነው የቆየው። በ2014 ግንቦት ላይ ለወላጆች ቀን አንድ ነገር ይቅረብ ሲባል 14 ልጆች ሰበሰብኩ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ እምቦጭ ጣናን ሲወርረው አንድ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነገር ራሳቸው ጻፉ። እምቦጩ ራሱ ገፀ ባህሪ ነው፣ አምስት ልጆች ሆነው አረንጓዴ ለብሰው እየተሳቡ ይገባሉ። ጥሩ ነገር ጽፈው ነበር የምሬን ነው።

አሁን «በ2014 ግንቦት ማን ማስክ ያደርግ ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳን ሰው ከተወው ቆይቷል፣ ታክሲ ተራ ላይ ማስክ ያደረገ ሰው ካያችሁ ወይ ጉንፋን ይዞታል ወይ ጥርሱን ተነቅሏል። ግን ከልጆቹ የአንዷ እናት ልምምድ የጀመርን ሰሞን መጣችና «ቲቸር፣ ልጄ ትሥራ ደስ ይለኛል፣ ግን ቤት እናቴ አለች፣ ስኳርም አስምም አለባት፣ ያን ጊዜ በኦክስጅን ነው የተረፈችልኝ፣ ልጄ ከአሥራ ምናምን ልጅ ጋር አፍ ለአፍ ስትጮህ ውላ ብትመጣ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ጮክ ብሎ መናገርና መዝፈን ከተራ ወሬ የበለጠ ትንፋሽና ጠብታ ይረጫል፣ እሱን ኮሮና በደንብ አስተምሮናል። በማግስቱ ደግሞ የአንዱ ልጅ አባት «አይ ቲቸር፣ በሽታው አልቆ የለም እንዴ፣ የልጄን አፍ ለጉማችሁ ነው ድራማ ምታሰሩት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዷን ልጅ ብቻ ማስክ አልብሼ ባወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ በሽተኛዋ እሷ ናት ይላል፣ ልጅቷም ትሸማቀቃለች፣ ስለዚህ ወይ ሁሉም ወይ ማንም አልን፣ ሁሉም ሆነ።

ወደ ዕቃው ልግባ።

መጀመሪያ የሞከርነው ተራው ሰማያዊው የፋርማሲ ማስክ ነው፣ 50 ፍሬ በካርቶን። ድምፅን በተመለከተ ከሁሉም ይሻላል፣ ስስ ስለሆነ ብዙ አይውጥም፣ ከሁለተኛው ረድፍ ሆኜ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያመለጠኝ። ችግሩ ሁለት ነው። ልጁ ለረጅም ዓረፍተ ነገር አየር ሲስብ ማስኩ አብሮ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ እየተፋው ነው የሚናገረው። ሁለተኛው ደግሞ መልኩ ነው በቃ። ቁምጣ የለበሰ መረብ የተሸከመ ዓሣ አጥማጅ በሰማያዊ የሐኪም ማስክ ሲወጣ ልጆቹ ራሳቸው ተንከተከቱ፣ «ሆስፒታል ተኝቶ ጠፍቶ የመጣ» አሉት። ለልምምድ ግን አሪፍ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲረጥብ ትጥለዋለህ። አምስት ወር ሙሉ አንዱን ማስክ ኪሳቸው ውስጥ የሚያኖሩ ልጆችን አይቻለሁና ይሄን መናቅ አይቻልም።

ሁለተኛ የፊት መከለያው፣ ያ ግንባር ላይ የሚታሰረው ፕላስቲክ። ፊት ይታያል፣ ፈገግታ ይታያል፣ በጣም ተስፋ አድርጌበት ነበር። ልጁ ግን የራሱን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ፕላስቲኩ ላይ እየነጠረ ይመለስለታል፣ ስለዚህ ሳያውቀው ድምፁን ይቀንሳል። ግቢ ውስጥ ንፋስ ሲነካው ደግሞ እንደ ባርኔጣ ይነሳል። ከሁሉም በላይ የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን መከለያ የማስክን ቦታ አይተካም ነው ያለው፣ ከጎንና ከስር ክፍት ነው። ያቺን እናት እያሰብኩ ይሄን ልጆቹን ማልበስ አልቻልኩም። ሦስቱን ለሳይንስ ላቦራቶሪ ሰጠን።

ሦስተኛው ያስለቀሰኝ ነው። አፉ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ መስኮት ያለው የጨርቅ ማስክ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከንፈር እንዲያነቡበት ተብሎ የወጣው። ለእነሱ ጥሩ ነገር ነው፣ እሱ ላይ ምንም የለኝም። ለመድረክ ግን አይሆንም!! አንዱ 120 ብር፣ ከአንድ ሱቅ አራት ገዛን (ሱቁን አልጠራም፣ «አይደበዝዝም» ብሎ በእናቱ ምሎ ነው የሸጠልኝ)። ልጅቷ ሦስት መስመር ሳትናገር መስኮቱ ጉም ሆነ። የሳህን ሳሙና ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ ብትወለውሉት ጉሙን ያዘገየዋል፣ ሞክረነዋል ይሠራል፣ ግን እስከ መጀመሪያው ትዕይንት መጨረሻ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ተመልሶ ነጭ ነው። ድምፁ ደግሞ ከሁሉም የባሰ፣ ፕላስቲክ እንደ ጨርቅ ድምፅ አያሳልፍማ፣ ከውሃ ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስላል። ያ «የፈራሁት» የተባለው ልጅ ይሄንን ነበር ያደረገው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ጭራሽ ያንጸባርቃል፣ አፉ መሃል መስታወት ያለው ልጅ ነው የምታዩት። ከአምስት ኮከብ አንድ፣ እሱም ለሐሳቡ።

አራተኛዋ ግን ገበያ ውስጥ ያለች ልብስ ሰፊ ናት። ለእምቦጮቹ አረንጓዴ ልብስ ላሰፋ ሄጄ ነው ነገሩን ያነሳሁባት። «እታለም፣ ከዚሁ ጨርቅ ማስክ ይወጣል?» አልኳት ዝም ብዬ። ሴትየዋ በኮሮናው ጊዜ ሥራ ሲጠፋ ስንት ሺህ ማስክ ሰፍታ ነው ያለፈችው፣ ጨርቁን በጣቷ አሸት አድርጋ ወደ ብርሃን አነሳችውና «ይሄ ብቻውን አይሆንም፣ ያሳያል፣ ከውስጥ ጥጥ እሰጠዋለሁ» አለች። እኔም መሃሉ ላይ ሌላ ስስ ነገር ጨምሪበት፣ ሦስት ድርብ ይሁን አልኳት፣ ተስማማን። ከዛ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፣ «ልጆቹ የሚያወሩ ናቸው የሚዘፍኑ?» ሁለቱንም ስላት ከአፍንጫ እስከ አገጭ መሃሉን በስፌት ቀልሳ እንደ ቤት ጣሪያ ከፍ አደረገችው፣ ጨርቁ ከንፈር አይነካም፣ አየር ሲስቡ አፍ ውስጥ አይገባም። አፍንጫው ላይ ቀጭን ሽቦ አስገባች፣ ጫፉን ደግሞ እንዳይወጋ ጠምዝዛ ሰፋችው። የጆሮውን ላስቲክ ትታ ከጭንቅላት ኋላ የሚታሰር ክር አደረገችበት፣ ምክንያቱም እምቦጮቹ እየተሳቡ ነው የሚገቡት፣ በላስቲኩ ግማሹ እዛው መሬት ላይ ይቀር ነበር።

አረንጓዴ ልብስ አረንጓዴ ማስክ ሲሆን እኮ ማስክ መሆኑ ቀረ። እምቦጮቹ አፍ የሌላቸው ፍጥረቶች ሆኑ፣ ዓይን ብቻ፣ አንዷ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ልምምድ ላይ አይታ አልቅሳለች። ለዓሣ አጥማጆቹ ከቁምጣቸው ጨርቅ ሰፋችላቸው። በድራማው አያት ለሆነችው ልጅ ግን ምንም አላስፈለገም ማለት ይቻላል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ነው የምትወጣው፣ የኛ አገር እናቶች ፀሐይም ብርድም አቧራም ሲሆን የሚያደርጉትን ማለት ነው፣ ከስሩ ማስክ እንዳለ ማንም አላወቀም። እንደውም አንድ ወላጅ በኋላ መጥተው «እዚህች ልጅ ላይ ማስክ የረሳችሁት ለምንድነው?» ብለውኛል።

ሒሳብ፦ አንዱ ማስክ 35 ብር፣ ጨርቁ ከልብሱ ቁርጥራጭ ስለወጣ ነው። ለ14 ልጅ ሁለት ሁለት አሰፋን፣ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይቀየራል። ስህተት አልነበረም እንዳልል ሦስቱ ጠበው መጡ፣ የልጆቹን ፊት ሳትለካ በግምት ነው የቆረጠችው፣ መልሳ በነፃ ሰርታልኛለች ግን አራት ቀን አስጠበቀችኝ። ፋሲካ ያን ዓመት ሚያዝያ 16 ነበር የዋለው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ደግሞ ሰርግ ነው፣ የልብስ ሰፊው ሁሉ እጅ ሙሽራ ላይ ነው፣ የተማሪ ማስክ ማን ያስበዋል።

ድምፁስ? እውነቱን ለመናገር ከሰማያዊው ትንሽ ይብሳል፣ ሦስት ድርብ ጨርቅ ነው። እሱን በማስክ ሳይሆን በሌላ ነው የፈታነው። አንደኛ ጽሑፉን ቀየርነው። ሰ እና ፈ የሚያምታቱ ቦታዎችን ልጆቹ ራሳቸው እየፈለጉ አወጡ፣ «የሰራሁት» የሚለው «ያጠመድኩት» ሆነ፣ ጠ አለችበት፣ ከሩቅ ትሰማለች። ሁለተኛ ማን እንደሚናገር ማወቅ ከባድ ነው፣ አፍ ሲንቀሳቀስ ስለማይታይ ሰው ዓይኑን ያንከራትታል፣ ስለዚህ የሚናገረው ልጅ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሌሎቹ ደግሞ ቀጥ ብለው ፊታቸውን ወደሱ። ይሄን ለማስለመድ አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል፣ ግን ከሁሉም የጠቀመን እሱ ነው፣ አሁን ማስክ ባይኖርም አስደርጋቸዋለሁ።

ስለ ሳውንዱ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል ግን አልችልም። ለቀኑ 1500 ብር ተከራየን፣ ሁለት ስፒከርና ሁለት ዋየርለስ ማይክ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል የተባለው 4 ሰዓት ሊሞላ ሲል መጣ፣ ወላጅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሁለት ማይክ ለ14 ልጅ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉት ማስኩ ምን ሊሠራ ነው? ባለሙያው ልጅ «ችግር የለም» ብሎ የማይኩን ጭንቅላት በስስ ፌስታል ጠቀለለው። ፌስታል እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ ታውቃላችሁ፣ በስፒከር ሲወጣ ደግሞ በቆሎ ሲጠበስ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ አንዱን ማይክ በማቆሚያ ፊት ለፊት ተከልነው፣ ሁለተኛውን ተራኪዋ ያዘችው፣ ፌስታሉ ወጣ፣ ተገላገልን። የአንዱ ባትሪ መሃል ላይ አልቋል፣ ትርፍ ባትሪ አልያዘም። ሁለት ኮከብ፣ ስፒከሩ ንጹህ ስለነበረ።

ቦታውን በተመለከተ አዳራሻችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ ትንንሽ፣ በግንቦት ሙቀት ማስክ አድርጎ እዛ ውስጥ መጮህ ቅጣት ነው፣ አየርም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ዋርካዋ ስር አደረግነው። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ከዛ በኩል ንፋስ ይነሳል፣ ልምምድ ላይ ተመልካቹን በሐይቁ በኩል አስቀምጠን ድምፁ ሁሉ ወደኋላ እየተመለሰ አስቸግሮን ነበር። አዙረነው መድረኩን ወደ ሐይቁ ጀርባ ሰጠነው፣ ንፋሱ ድምፁን ይዞ ወደ ወላጆቹ ይመጣል፣ ትንፋሹንም ይዞ ይመጣል ብላ ያቺው እናት ስትስቅብኝ የፊተኛውን ረድፍ አራት ሜትር ያህል አራቅነው። እሷ ራሷ ማስክ አድርጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ አያትየዋ ግን አልመጡም፣ በስልክ ቀርጻ ነው የወሰደችላቸው። አባትየው፣ ያ አፍ ለጉማችሁ ያለው፣ ልጁ ከእምቦጮቹ አንዱ ነበር፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ ስለሆኑ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቶት ድራማውን ሙሉ «የኔ የቱ ነው?» ሲል ነበር።

እና ለትምህርት ቤት ድራማ የምትፈልጉ ካላችሁ፦ ለልምምድ የፋርማሲውን፣ ለመድረክ ከልብሱ ጋር አንድ ላይ ማሰፋት፣ ባለ መስኮቱን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ፣ የሰርግ ሰሞን ከሆነ ሦስት፣ ቢቻል ደግሞ ፊቱ ትልቅ የሆነ አንድ ልጅና ትንሽ የሆነ አንድ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ ትለካቸው። ሽቦው በእጅ ሲታጠብ ምንም አልሆነም፣ የአንዱን ልጅ ማስክ እናቱ ቀቅላበት ግን አረንጓዴው ለቆ የቤቱን ነጭ ካልሲ በሙሉ እምቦጭ አስመስሎታል።