ትልቁ ወይስ ትንሹ? ከሁለት ካሜራ ጋር 14 ወር

ትልቁን ካሜራ ከገዛሁ 14 ወር ሞላኝ። ትንሹን ከጨመርኩ ደግሞ 9 ወር። ፎቶ ማንሳት እንደምወድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ከሁለቱ የቱን ልግዛ?" መጀመሪያ ሰሞን ሳላስብ "ትልቁን!" እል ነበር። አሁን መልሴ ረዘም ብሏል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ትልቁ ኒኮን ዲ7200 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ 24.2 ሜጋፒክስል ያለው ዲኤስኤልአር (ውስጡ የሚገለበጥ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ)። ትንሹ ሶኒ አርኤክስ100 ነው። በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል፣ 20.2 ሜጋፒክስል። ሁለቱንም ያገለገሉ ነው የገዛኋቸው። ያረጁ ናቸው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ናቸው። ኒኮን ራሱ ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጣም፤ ፊቱን ወደ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙሯል። ለኛ ለገዢዎች ግን ይሄ ክፉ ዜና አይደለም። ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ሲሸጋገር ደህና ደህና ሌንሶች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ዲ7200 ደግሞ በውስጡ የፎከስ ሞተር ስላለው የድሮዎቹን የኒኮን ኦቶፎከስ ሌንሶችም ያሠራል።

ከክብደት ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። ዲ7200 ከነባትሪውና ከነካርዱ 765 ግራም ይመዝናል። አብሮት የመጣው 18-140 ሌንስ (ቁጥሮቹ ሚሊሜትር ናቸው፤ ሲበዙ ሌንሱ የበለጠ ያቀርባል) 490 ግራም ነው። ሲደመር ከአንድ ኪሎ ከሩብ ትንሽ ያልፋል። አርኤክስ100 ከነባትሪው 240 ግራም ነው። በአንዱ ትልቅ ክብደት አምስት ትንንሾች መያዝ ይቻላል ማለት ነው።

ስገዛ ቁጥሩን አይቼ "ይሄ ምን ይከብዳል?" ብዬ ነበር። እውነትም ለእጅ አይከብድም። ግን ጠዋት ከቤት ስወጣ "ዛሬ የሚነሳ ነገር ይኖር ይሆን?" ብዬ አስባለሁ። መልሱ "እንጃ" ከሆነ ቦርሳው እዚያው መደርደሪያው ላይ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ፎቶዎች በየቀናቸው ደርድሬ ሳያቸው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ የወለቀው ረቡዕ ነበር፤ ከሥራ ስመለስ በመንገድ ላይ አግኝታኝ አፏን ከፍታ አሳየችኝ። ያ ፎቶ የለኝም።

ትንሹን የገዛሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ውፍረቱ 36 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የጃኬት ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ይገባል። የሱሪ ኪስ ውስጥ ግን ይጎረብጣል፤ ኋላ እንደምነግራችሁ እዚያ ባላስገባው ይሻለኝ ነበር። "ስልክህስ?" የሚለኝ ሰው አለ። ስልኬ ቀን ላይ ጎበዝ ነው። ራቅ ያለ ነገር ለማቅረብ ስሞክር ግን ምስሉ ይበላሻል። አርኤክስ100 በ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ መለኪያ ከ28 እስከ 100 ሚሊሜትር የሚስተካከል እውነተኛ የሌንስ ዙም አለው። ደግሞም ካሜራ ይዤ ሳለ መልእክት አይገባብኝም። ልጄን እያየሁ ልጄን ብቻ አያለሁ።

አሁን ወደ ምስል ጥራት እንግባ። የጠበቅኩትና ያገኘሁት የተለያዩብኝ እዚህ ላይ ነው። የዲ7200 ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው፤ የአርኤክስ100 ደግሞ 13.2 በ8.8። በስፋት ትልቁ ከሦስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ትልቁ ያለ ጥርጥር ይበልጣል ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ምሽት ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል ብርሃን ጎን ለጎን ሞከርኳቸው። ሁለቱም ሌንሶች ሰፊው እይታቸው ላይ ነበሩ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ብፈልግ ብፈልግ፣ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አጣሁ።

ምክንያቱ ሌንሱ ነው። 18-140 ሰፊው እይታ ላይ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 3.5 ድረስ ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። የትንሹ ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ይሄ አራት እጥፍ የሚጠጋ የብርሃን ልዩነት ነው። ትንሹ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 800 ያነሳውን ፎቶ ትልቁ በዚያው የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ላንሳ ቢል ወደ 3200 መውጣት አለበት። ያኔ ኖይዙ፣ ምስሉን የሚያሻክረው ነጠብጣብ፣ ይመጣል። ሴንሰሩ የሰጠውን ሌንሱ መልሶ ወሰደው ማለት ነው።

ዙም ስታደርጉ ነገሩ ይለወጣል። የትንሹ ሌንስ ጫፉ ላይ ወደ ኤፍ 4.9 ይጠብባል። የትልቁም በዚያ እይታ ላይ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሌንሶቹ ሲመጣጠኑ የሴንሰሩ ስፋት ያለ ተቀናቃኝ ይቀራል፤ የምሽት ፎቶ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ከዚያ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አገኘሁ። ዙም የለውም። ክብደቱ 200 ግራም ብቻ ነው። እሱን ትልቁ ላይ ሳስር ውድድሩ አለቀ። ፊት ጥርት ይላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ልስልስ ብሎ ይደበዝዛል፣ በሻማ ብርሃን እንኳ የቆዳው ቀለም አይሞትም። ዲኤስኤልአር ገዝታችሁ አብሮት በመጣው ሌንስ ብቻ ከቆያችሁ፣ ክብደቱን ተሸክማችሁ ጥቅሙን ሳታገኙ ነው የምትቀሩት። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው "ካሜራው ብዙም አልተለየብኝም" ብሎ ሲሸጠው የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር (ዓይን የሚጠጋበት ትንሽ መስኮት) እያያችሁ ስታነሱ ፎከሱን የሚለካው ዋናው ሴንሰር አይደለም። ከመስታወቱ ሥር ያለ ሌላ ክፍል ነው። ሁለቱ በጥቂቱ ካልተስማሙ ዓይን ላይ ያሰባችሁት ፎከስ ጆሮ ላይ ያርፋል። በሰፊው የሚከፈት ሌንስ ላይ ይሄ ቶሎ ይታያል። ዲ7200 ለየሌንሱ የሚስተካከል ቅንብር ሜኑ ውስጥ አለው። አንድ ከሰዓት ወስጄ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ፣ ሰያፍ ያስቀመጥኩትን ማስመሪያ እያነሳሁ አስተካከልኩት። ትንሹ በራሱ ሴንሰር ላይ ስለሚለካ ይሄ ሥራ የለበትም።

የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ግን ትልቁን የሚስተካከለው የለም። ልጄ መሮጥ ትወዳለች። ዲ7200 51 የፎከስ ነጥቦች አሉት፣ በሰከንድ 6 ፎቶ ያነሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን በቪውፋይንደሩ የማየው እሷን ራሷን ነው፣ የስክሪን ምስል አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንም አይጠፋኝም። ወደኔ ስትሮጥ ጣቴን ተጭኜ እቆያለሁ፤ ፎከሱ አብሯት ይመጣል። አርኤክስ100 ቪውፋይንደር የለውም። ፎከሱን የሚያገኘውም ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ምስሉ የሚጠራበትን ቦታ በመፈለግ ነው። ለቆመ ሰው ፈጣን ነው። ለሚሮጥ ልጅ አይደርስም። ሌንሱ ሲፈልግ ልጄ አልፋለች።

ወፍም እንደዚያው ነው። ያገለገለ 70-300 ሌንስ አለኝ። በዲ7200 ሴንሰር ላይ 300ው የ450 ሚሊሜትር ያህል ያቀርባል። ወንዝ ዳር ተቀምጬ አንዲት ዓሣ የምትይዝ ወፍ ሁለት ሰዓት ጠብቄያታለሁ። ውኃውን ስትመታ በ1/2000 ሰከንድ ያነሳሁት ፎቶ አሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ የውኃ ጠብታ ይቆጠራል። ትንሹን ካሜራ ይዤ ቢሆን ወፏ ነጥብ ሆና ትቀር ነበር።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ካሜራ ሲያይ ይለወጣል። ቀጥ ይላል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ከንፈሩን ይገጥማል። የመታወቂያ ፎቶ የሚነሳ ይመስላል። በትልቁ ካሜራ ያነሳሁት ፎቶው ሁሉ እንዲህ ነው። ጥራታቸው ግሩም ነው፤ አባቴ ግን የለበትም። እየደከመ ሲመጣ ይሄ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር።

አንድ ቀን መስኮት ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አርኤክስ100ን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት፣ ወደ ዓይኔ ሳላነሳ፣ ከላይ ስክሪኑን እያየሁ አነሳሁት። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ፣ የሚገለበጥ መስታወትም ስለሌለው፣ ምንም አይሰማም። መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ወርዷል። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ያነባል። ከአራተኛው ፎቶ በኋላ ቀና አለ።

"አነሳኸኝ እንዴ?"

"አዎ አባዬ።"

"ሳልዘጋጅ?" ብሎ ሳቀ። ሳቁንም አነሳሁት።

ዲኤስኤልአር ሲነሳ መስታወቱ "ቀጭ" ይላል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። ዲ7200 ድምፁን የሚያለዝብ ሞድ ቢኖረውም ጸጥ አይልም። ቤተሰብ ለሚያነሳ ሰው ይሄ ከሜጋፒክስል የበለጠ ጉዳይ ነው።

ትንሹ ሌላም ያስደሰተኝ ነገር አለው፤ ፍላሹ። ብቅ ሲል በጣቴ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ወደ ጣራው አዞረዋለሁ። ብርሃኑ ነጭ ጣራ ላይ ነጥሮ ለስላሳ ሆኖ ይመለሳል፤ ፊት ላይ እንደ ባትሪ መብራት አያንጸባርቅም። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ በጣም ይሠራል። ውጭ ደግሞ ሰው ፀሐይ ከጀርባው ሆና ፊቱ ሲጠቁር፣ ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ በመሆኑ ፍላሹ እስከ 1/2000 ሰከንድ ድረስ አብሮ ይሠራል። ዲ7200 በተለመደው ቅንብር 1/250 ላይ ይቆማል።

ባትሪ ላይ ትልቁ በብዙ ይበልጣል። በአምራቾቹ መለኪያ አንድ ሙሉ ባትሪ 1110 ፎቶ ያነሳል፤ የትንሹ 330። ትንሹ ግን በማይክሮ ዩኤስቢ ስለሚሞላ ፓወር ባንክ ካለ አያሳስብም። ዋይፋይ ያለው ዲ7200 ነው፤ ይሄኛው አርኤክስ100 የለውም፣ ካርዱን አውጥቼ ነው የማስተላልፈው። የሁለቱም ስክሪን አይታጠፍም። በዝቅታ ለማንሳት መሬት ላይ መተኛት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር አትርሱ። ዲኤስኤልአሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት እዩ፤ ቁጥሩ ከፎቶው ፋይል ጋር ስለሚመዘገብ ማንበቢያ ፕሮግራም ያወጣዋል። የዲ7200 ሹተር የተሞከረው እስከ 150,000 ነው። ትንሹን ደግሞ አብርታችሁ አጥፉት፤ ሌንሱ ሳይንገጫገጭ ይውጣ ይግባ። ከዚያ ሌንሱን እስከ ኤፍ 11 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ደብዛዛ ጥቁር ነጥብ ከታየ ውስጡ አቧራ አለ።

አንዱን ብቻ ያዝ ብባል፣ ትንሹን እይዛለሁ። ይህን ከ14 ወር በፊት የሚነግረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር። የምታነሱት የሚሮጥ፣ የሚበር ወይም የሚጫወት ነገር ከሆነ ግን አትስሙኝ፤ ዲኤስኤልአሩን ግዙ፣ ከተረፋችሁ ገንዘብ ላይ አንድ በሰፊው የሚከፈት ሌንስ ጨምሩ። እኔ ሁለቱም ስላሉኝ 18-140ውን ሸጥኩት። ትንሹ የሱን ሥራ ወስዶበታል። ትልቁ አሁን 35ውን ወይም 70-300ውን ይዞ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሲወጣም ለምን እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ስለ ሱሪ ኪሱ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ወር ያህል ትንሹን ያለ ማቀፊያ ኪሴ ውስጥ ከመሐረብና ከቁልፍ ጋር ይዤው ዞርኩ። ወጣ ገባ የሚል ሌንስ ያለው ካሜራ ሁሉ ሲከፈት አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር የኪስ ብናኝ ይገባል። ዲኤስኤልአር ላይ ቢሆን ሌንሱን ፈትቼ በመንፊያ አራግፈው ነበር። ይሄኛው ግን ካልተበተነ አይጸዳም። አሁን ከሴንሰሩ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ በፎቶው ቀኝ የላይኛው ጥግ፣ ሰማይ ላይ ትታያለች። ካሜራው ማቀፊያ ተገዝቶለታል። ነጥቧ የምትታየው ሌንሱ ሲጠብብ ስለሆነ፣ ሰማይ ያለበትን ሁሉ ከኤፍ 4 ሳላልፍ ነው የማነሳው።