በቱሉ ዲምቱ ለሚያገለግሉት የድንገተኛ ክፍል ሲስተር ምስጋና፤ ለሌሎች ጤና ጣቢያዎችም ጥቆማ

በስትሮክ ሕክምና ላይ የምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች ነን። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል የሚያገለግሉትን ሲስተር በአደባባይ ልናመሰግን ወደናል። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ያውቃቸዋል። ከሪፈር ወረቀቱ ጋር አያይዘው የሚልኩት አንድ ገጽ አለ። የረጋ ደም ከአንጎሉ ደም ሥር በቱቦ የሚወጣለት ታካሚ በኋላ ደም ይፈስሰው እንደሆነ ለመገመት ከምንፈልጋቸው ነገሮች ብዙዎቹን ይዞ የሚመጣው ያ ገጽ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰዓት አለ፤ ታካሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበት ሰዓት። ከእንቅልፉ ሲነሳ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው፣ የሚጻፈው ማታ ወደ አልጋ የሄደበት ነው። ሲስተር ለሰዓቱ ሁለት ሳጥን አበጅተዋል፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤተሰብ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጀመረው ይላል፤ ወረቀቱ ላይ «8፡00» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ተቀባዩ ሐኪም የጠዋት 2 ሰዓት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። 6 ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት ሰው መርፌውን ወስዶ ሊደማ ይችላል። ስሕተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲሆን ደግሞ መዳን የሚችል ሰው ይከለከላል።

ቀጥሎ የደም ስኳር። ከጣት ተወስዶ ቁጥሩና የተለካበት ሰዓት ይጻፋል። ዝቅ ያለ ስኳር ራሱ ስትሮክ ይመስላል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ደም ከሚያፈስሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ሲስተር ስኳሩ ዝቅ ብሎ ካልተገኘ በቀር «አቅም እንዲያገኝ» ተብሎ ግሉኮስ እንዲሰቀል አይፈቅዱም። ቤተሰብ ቢቆጣም አይፈቅዱም፤ ልክ ናቸው። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ በአፍ መስጠትንም ይከለክላሉ፤ መዋጥ ያቃተው ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል።

ደም ግፊት በሁለቱም ክንድ ይለካል፤ በችኮላ ግን አይወርድም። ከምላስ ሥር ኒፌዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት አድርጎ ግፊቱን በአንድ ጊዜ መጣል፣ በቀጭን መንገድ ደም እያገኘ የቆየውን የአንጎል ክፍል ይገድለዋል። ለአልቴፕሌዝ የሚፈለገው ከ185/110 በታች መሆኑ ነው። የመድኃኒት ማሸጊያዎቹንም በፌስታል አስረው ከታካሚው ጋር ይልካሉ፤ በተለይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ካለ የመጨረሻው እንክብል መቼ እንደተዋጠ ይጽፉበታል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስድ ወጣት በአገራችን ብዙ ነው፤ አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ የምርመራ ቁጥር) ከ1.7 በላይ ከሆነ አልቴፕሌዝ አይሰጥም። አስፕሪን ሲቲ ስካን (የአንጎል ውስጥ ምስል) ሳይታይ አይሰጡም። ክብደትም ይመዝናሉ፤ የአልቴፕሌዝ መጠን በኪሎ 0.9 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 90 ሚሊ ግራም ስለሆነ በዓይን የተገመተ ክብደት አደጋ አለው።

ይህ ሁሉ ለምን? ደም የተቋረጠበት የደም ሥር ግድግዳ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ይላላል። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት፣ ፀሐይ የሰነጠቀው የጎማ ቱቦ ላይ ውሃ በኃይል እንደተለቀቀ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ይህን የደም መፍሰስ አደጋ የሚገምተው ታግ የተባለው መመዘኛ ሦስት ነገር ብቻ ይዟል፦ የደም ሥሩ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ በሲቲ ስካን ላይ የተጎዳው ክፍል ስፋት (አስፔክትስ በሚባል ነጥብ ከ10 የሚታሰበው) እና የደም ስኳር። ሦስተኛው ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚለካው ነው። ቱቦው ደጋግሞ መመላለሱ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የሕመሙ ክብደትና የዘገየ ሰዓትም አደጋውን ይጨምራሉ።

ቤተሰቦች ፈርታችሁ ሕክምናውን እምቢ እንዳትሉ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአምስት ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲታይ፣ ሕመምን ያባባሰ የአንጎል ደም መፍሰስ የረጋው ደም ከወጣላቸው 4.4 በመቶ፣ ካልወጣላቸው 4.3 በመቶ ነበር። ግምቱ የሚያገለግለው ከሕክምናው በኋላ ማንን አጥብቀን እንደምንጠብቅ ለማወቅ ነው።

ጥበቃውም ይህ ነው፦ ደም ግፊትና ንቃት ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው፣ ለቀጣዮቹ 6 ሰዓታት በየ30 ደቂቃው፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት በየሰዓቱ ይታያል። ግፊቱ ከ180/105 አይለፍ። ነገር ግን የደም ሥሩ በደንብ ተከፍቷል ብሎ የላይኛውን ቁጥር በጣም ለማውረድ መታገል ጉዳት እንዳለው በቻይና ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ (ከ120 በታች)፣ በደቡብ ኮሪያ ተካሂዶ በ2023 የታተመ (ከ140 በታች) ጥናት አሳይተዋል። ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መፍዘዝ ወይም የግፊት መዝለል ከመጣ ወዲያው ሲቲ ስካን ይደገማል። ከሕክምናው በኋላ ወዲያው በተነሳ ሲቲ ላይ ነጭ ነገር ቢታይ ሁልጊዜ ደም አይደለም፤ ለምርመራው የተሰጠው ቀለም ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ደሙ ይቆያል።

ሲስተር ሌላም የሚያደርጉት አለ፤ አምቡላንሱ ሳይነሳ ተቀባዩ ሆስፒታል ደውለው ሲቲ ስካኑ እየሠራ መሆኑን ያረጋግጣሉ። በቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ ከደረሱ በኋላ «ማሽኑ ተበላሽቷል» መባልን ያስቀራል።

የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬና የገላን ነዋሪዎች፦ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ወደ 907 ወይም 939 ደውሉ። አምቡላንስ ከዘገየና ጤና ጣቢያው ቅርብ ከሆነ ወደ ሲስተር ውሰዱ፤ አያዘገዩዋችሁም። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ደግሞ ገጹን ከእሳቸው ወስዳችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው። ስትገለብጡት ሁለቱን የሰዓት ሳጥኖች አንድ እንዳታደርጓቸው።