«ማውረጃው 8,000 ብር ብቻ» የሚላችሁን መካኒክ ተጠንቀቁ

ሱሉልታና ጫንጮ አካባቢ ትንሽ ትራክተር ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ሞተር አታስወርዱ።

ሣር የማመላልስባት ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ትራክተር አለችኝ። ሐምሌ ላይ ከሞተሩና ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) መጋጠሚያ ሥር ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራ መካኒክ በሰው በሰው ተገኘ። «ማውረጃው 8,000 ብር ብቻ» ሲለኝ፣ አስጭኖ አዲስ አበባ ከመውሰድ ይሻላል ብዬ ተስማማሁ።

የመመለሻውን ዋጋ የነገረኝ ሞተሩ መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው፦ 35,000 ብር። ትራክተሯ ለሁለት ተከፍላ ግቢ ውስጥ ተዘርግታለች። ሌላ መካኒክ ብጠራ «ሰው የፈታውን አልገጥምም» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

የሚያፈሰው ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ከሆነ ሞተሩን ከካምቢዮው መለየት ግድ ነው፤ በዚህስ አልዋሸኝም። ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ለመክፈት ወይም ኢንጀክተር (ናፍጣ ረጪውን) ለማውጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተር አይወርድም። ጎረቤቴን ያው ሰውዬ «ጥቁር ጭስ በዝቷል፣ ይውረድ» ብሎት ነበር። የአየር ማጣሪያውን ስንከፍተው በጭድ ታፍኖ አገኘነው።

አወራረዱንማ ባላየሁት ይሻል ነበር። የብዙዎቹ ትራክተሮች ሞተር እንደ መኪና ሞተር ሻንሲ ላይ የተቀመጠ አይደለም፤ ራሱ የትራክተሩ ወገብ ነው። ስለዚህ ከመለያየቱ በፊት ካምቢዮው በማይሰምጥ ነገር ከሥር መደገፍ፣ የፊት አክሰሉም ግራና ቀኝ እንዳይወላገድ ሽብልቅ ሊገባለት ይገባል። የእኔው ሰው ካምቢዮውን በአንድ ክሪክ ደግፎ፣ ሞተሩን በሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በሰንሰለት አንጠለጠለው። የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ ክሪኩ እንደ ሊጥ በላላው አፈር ውስጥ ገባ። ካምቢዮው ዝቅ አለና ክብደቱ ሁሉ በፍሪሲዮኑ ዘንግ ላይ አረፈ። ዲስኩ መሐሉ ላይ ተጣመመ። «ድሮም የተበላ ነበር» አለኝ፤ አዲሱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ቡሎኖቹን ረጅም አጭር ሳይል አንድ የድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመራቸው። ረጅሙ ቡሎን በአጭሩ ቀዳዳ ከጠበቀ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ማታ እኔ ካርቶን በስቼ በየቦታቸው ስሰካ አመሸሁ፤ ሁለቱ ጭራሽ አልተገኙም።

ቀጥሎ «የናፍጣ ፓምፑም ይታይ» ብሎ መርካቶ ይዞት ሄደ። በአራተኛው ቀን ያመጣው ፓምፕ የእኔው ብርቱካናማ ቀለም የለበትም። «አጥበነው ነው» አለ። ተቀይሯል ብዬ አልምልም፤ ቁጥሩን ፎቶ አላነሳሁትምና። እናንተ ግን የሞተሩንም፣ የፓምፑንም፣ የሞተሪኖውንም (የማስነሻውን) ቁጥር ቁልፍ ከመነካቱ በፊት አንሡ። ዕቃ ከግቢ የሚወጣ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ።

ዋጋውንም ማውረጃ፣ ጥገና፣ መመለሻ፣ አስነሥቶ ማስረከብ ብላችሁ በአንድ ድምር በወረቀት ላይ አስፍሩ። ግማሹን ገንዘብ ትራክተሩ ጭኖ አንድ ሰዓት ከሠራና መጋጠሚያው ደረቅ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ክፈሉ።

እኔ 35,000ውን ተከራክሬ በ27,000 ጨረስኩ። ትራክተሯ ትነሣለች። ማርሽ ሳስገባ ትጮኻለች፤ ዛሬ ጠዋትም ከሥሯ ያደረግሁት ካርቶን ላይ የዘይት ጠብታ አግኝቻለሁ፣ እዚያው የድሮው ቦታ ላይ።