«ወርሃዊው ትንሽ ናት» ተብላችሁ ያገለገለ ቢኤምደብሊው ልትፈርሙ ያላችሁ፣ ቆይ አንዴ

ይህን የምጽፈው በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አንብቡት፣ ዘዴው ያው ነው። ሰሞኑን የቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ በተለይ ከ2012 እስከ 2015 ሞዴል ያለው 328አይ፣ በየትንንሹ ዲለር (መኪና ሻጭ) ግቢ ተደርድሮ እየተቸበቸበ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ነጭ ቀለም፣ ጥቁር ቸርኬ፣ ቀይ የቆዳ ወንበር። መስታወቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከካምሪ ብዙም አይርቅም፣ አንዳንዴም ይረክሳል። ታዲያ ማን ካምሪ ይገዛል?

መኪናው መጥፎ ነው አላልኩም። እንዲያውም ሲነዱት ደስ የሚል ነገር ነው። መሪው እጅ ላይ ይታዘዛል፣ ባለ 8 ማርሹ ካምቢዮ ጎበዝ ነው፣ ባለ 240 የፈረስ ጉልበቱ ቱርቦ ሞተርም ሃይዌይ ላይ አያሳፍርም። ጉዱ ያለው ይህ ሞተር ካረጀ በኋላ ከአንድ ዓይነት የሽያጭ ውል ጋር ሲገናኝ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ብትቋቋሙ እንኳ አንድ ላይ ሲመጡ ያንበረክካሉ።

ከሞተሩ እንጀምር። ኤን20 ይባላል፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ካቴናውን፣ እዚህ ታይሚንግ ቼይን የሚሉትን፣ መስመሩን እንዳይለቅ የሚይዙት ሀዲዶች ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፕላስቲኩ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይደርቅና ይሰባበራል። ስባሪው ቁልቁል ወርዶ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ውስጥ ይገባል፣ የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ይደፍነዋል። ሞተሩ ዘይት ያጣል። ወይ ደግሞ ካቴናው ይዘልና ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በየትኛውም ቢመጣ ሞተር አለቀ ማለት ነው። ይህ የመንደር ወሬ አይደለም። በ2017 ኒው ጀርሲ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ባለንብረቶች ተሰባስበው ከሰው፣ ጉዳዩ በስምምነት ነው የተዘጋው። ኩባንያው ለካቴናው የዋራንቲ ጊዜ አራዝሞ ነበር፣ ግን በዓመትና በማይል የተገደበ ነው። ዛሬ ለእነዚህ መኪኖች አልፎበታል። ሻጭ «ካቴናውን ቢኤምደብሊው ራሱ ይሸፍንልሃል» ካላችሁ፣ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

ካቴናው ሲደክም ምልክት ይሰጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ ይወጣል፣ ስትለቁ ይወርዳል። ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚሄድም አለ፣ ስለዚህ ድምፅ የለውም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ተለጣፊውን እዩ፣ መኪናው የተሠራበት ወርና ዓመት እዚያ አለ። ከ2015 መጀመሪያ በፊት ከሆነ ሻጩን «ካቴናው ተቀይሯል? የጋራዡ ደረሰኝ የታለ?» በሉት። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋውን አስሉ። የመቀየሪያው ዋጋ በሺዎች ዶላር ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ዲለር 2014 ሞዴል 328አይ ገዛ። የዲለሩን ስም አልጠራም። ሻጩ የኛው ሰው ነው። «ወንድሜ፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል» አለው። ልጁም አላሳሰበውም። መስታወቱ ላይ የተጻፈው 14,500 ዶላር ነበር። ሻጩ ግን ስለ 14,500 አንድም ጊዜ አላወራም። ጥያቄው «በወር ስንት ይመችሃል?» ብቻ ነበር። በኋላ ወረቀቱን አምጥቶልኝ ቁጭ ብለን ደመርነው። ታክስና የዲለሩ የወረቀት ክፍያ ተጨመረ። ሰርቪስ ኮንትራክት የሚባል የብልሽት ሽፋን ውል በ2,700 ዶላር ገባ። ጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆን በመኪናው ዋጋና በቀሪው ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚከፍል) ገባ። 1,500 ቅድሚያ ከፍሎም ብድሩ 18,000 ሆነ። ወለዱ 19 በመቶ፣ ዘመኑ 72 ወር። ወርሃዊው 421 ዶላር ገደማ ይመጣል፣ በስድስት ዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ። የ14,500 መኪና! ስድስት ዓመት ሲሞላው መኪናው ስንት ዓመቱ እንደሚሆን እናንተው ቁጠሩት።

ወለዱ ደግሞ መጀመሪያ 19 አልነበረም። 14 ተብሎ ፈርሞ፣ መኪናውን ይዞ ወጥቶ፣ ጓደኞቹን ጭኖ ተንሸራሽሮ፣ ከቀናት በኋላ ተደወለ። «ባንኩ አልተቀበለም፣ ና አዲስ ወረቀት ፈርም።» ይህ የታወቀ ጨዋታ ነው። እዚህ ዮዮ ፋይናንሲንግ ይሉታል፣ እኛ ሰፈር ሿሿ ነው የሚባለው። መኪናውን አንዴ ከለመድከው፣ ለሰው ካሳየኸው በኋላ መመለስ ያሳፍራል። የሚጫወቱት በዚያች እፍረት ነው። እንዲህ ከተደወለላችሁ አዲሱን ወለድ የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። ባንኩ እምቢ ያለበትን ደብዳቤ ጠይቁ፣ የፈረማችሁትን ወረቀት አንብቡ፣ መኪናውን መልሳችሁ ቅድሚያ ክፍያችሁን ተቀበሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ብድሩ ጸደቀ የሚል የመጨረሻ ወረቀት ሳይያዝ መኪናውን ከግቢው አለማስወጣት ነው። ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) ሄዳችሁ ብድሩን አስቀድማችሁ ብታስጸድቁማ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል።

ብዙም ሳይቆይ የልጁ መኪና ጠዋት ጠዋት ሲር ማለት ጀመረ። ዲለሩ «አዝ ኢዝ ነው የገዛኸው» አለ፣ እንዳለ፣ ያለ ዋራንቲ ማለት ነው። ሰርቪስ ኮንትራክቱን የሸጠው ድርጅት ደግሞ ከመግዛቱ በፊት የነበረውን የዘይት ቅየራ ማስረጃ ጠየቀ። ከየት ያምጣ? የበፊቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ከሳምንት ደጅ ጥናት በኋላ «ከመግዛትህ በፊት የነበረ ብልሽት ነው» ብለው ዘጉት። 2,700ውም ከነወለዱ እየተከፈለ ነው። እነዚህ ኮንትራክቶች ላይ «የማይሸፈን» የሚለውን ገጽ ከ«የሚሸፈን» በፊት አንብቡ። ብዙዎቹ ጋስኬት አይሸፍኑም፣ ኡበርና ሊፍት የሚሠራበትንም መኪና አይሸፍኑም። ከኛ ሰው ስንቱ ነው መኪና ገዝቶ ኡበር የማይሠራበት?

አዝ ኢዝ ስላልኩ፣ በሕጉ መሠረት ዲለር የሚሸጠው ያገለገለ መኪና ሁሉ መስታወቱ ላይ ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት ሊለጠፍበት ይገባል። ዋራንቲ አለው ወይስ አዝ ኢዝ ነው የሚለው እዚያ ላይ በምልክት ይቀመጣል። ያ ወረቀት የውሉ አካል ነው፣ ውሉ ከሱ ጋር ቢጋጭ የሚጸናው ወረቀቱ ነው። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ በስፓኒሽ የተጻፈውን ይሰጣሉ። በአማርኛ ግን ተሻሽጣችሁ በእንግሊዝኛ ነው የምትፈርሙት፣ ስለዚህ ሻጩ በአማርኛ የማለላችሁ ነገር ወረቀት ላይ ከሌለ የለም። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር አዝ ኢዝ ብሎ መሸጥ የሚችለው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ ሆኖት ከ60,000 ማይል በላይም ከሄደ ነው። 2013 እና 2014 ሞዴሎች ዕድሜውን ያሟላሉ፣ አብዛኞቹም ማይሉን። ትንንሾቹ ዲለሮች ይህን ዕድሜ የሚወዱት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። «ሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለውም እዚህ አካባቢ ከዲለር ግቢ ለተገዛ መኪና አይሠራም፣ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በስተቀር።

ለአቤቱታ ከልጁ ጋር ዲለሩ ጋ በጠዋት ሄድን። ሌላ 328አይ፣ ግራጫ፣ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር ሊያየው እየመጣ ነው ተባለ። ዝም ብዬ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ነው። ማንም አልነዳውም፣ ጎማው ሥር ያለው የሌሊት ዝናብ እንኳ አልደረቀም። ሻጩ አየኝና «ባትሪው እንዳይደክም ብዬ ነው» አለ። ሞተር አሙቆ መጠበቅ የጠዋቱን ድምፅ ለመደበቅ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። እናትየው ሲመጡ «እናቴ፣ የራስዎን መካኒክ ሳያሳዩ እንዳይፈርሙ» አልኳቸው። ሻጩ ፊቱ ተለዋወጠ፣ «ግቢያችን ውስጥ ምን አገባህ» ብሎ ጮኸብኝ። ሴትዮዋ ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ወጡ። ልጁ መኪናውን ዞሮ ዞሮ እያየ ነው የሄደው፣ አዘንኩለት እንኳ።

እና መኪና ልታዩ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ሳትደውሉ ሂዱ። ኮፈኑን ንኩ። ከሞቀ «ነገ እመጣለሁ» በሉ። ይህ ሞተር የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። የዘይቱን መጠን ስክሪኑ ላይ ነው የምታዩት፣ ሻጩ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ጥቁር ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ከተጋገረበት ዘይቱ በጊዜው አልተቀየረም። ፋብሪካው በ10,000 ማይል ቀይሩ ይላል፣ የማውቃቸው መካኒኮች በሙሉ ግን 5,000 ነው የሚሉት። ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ) ይዛችሁ ሰኩበት። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ባይኖርም ማንበቢያው ምርመራዎቹ «አልተጠናቀቁም» ካለ፣ በቅርቡ ኮድ አጥፍተውለታል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የዘይት ፊልትሩ ቤት አካባቢ የሚያፈስ ዘይት፣ የኤሌክትሪኩ የውሃ ፓምፕ፣ ራን ፍላት ጎማዎቹ (ቢተነፍሱም ጥቂት የሚያስኬዱ፣ ትርፍ ጎማ አይኖረውም፣ ዋጋቸውም ሌላ ነው)፣ ፕሪሚየም ቤንዚኑ። እነዚህ የተለመዱ ወጪዎች ናቸው፣ አይገድሉም፣ ግን ከወርሃዊው ጋር ደምሯቸው።

ቪኑን፣ የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ 17ቱንም ፊደልና ቁጥር ፎቶ አንሱ። አሥረኛው ላይ ያለው ዲ ከሆነ 2013፣ ኢ ከሆነ 2014፣ ኤፍ ከሆነ 2015 ነው። ከኋላ የተለጠፈውን የኤም (የቢኤምደብሊው ስፖርት ሞዴሎች) ምልክት አትመኑት፣ በጥቂት ዶላር ኦንላይን ይሸጣል። ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው በነፃ ላስተካክል ብሎ የጠራው ጉድለት) ካለ በኤንኤችቲኤስኤ፣ በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። ዋጋው ወርዶ የቆየ ሞዴል ያጓጓችሁ ደግሞ፣ ከ2000 እስከ 2006 ከተሠሩት የቢኤምደብሊው ሞዴሎች የታካታ ኤርባጋቸው ያልተቀየረላቸውን ኩባንያው ራሱ በ2023 «አትንዱ» ብሏል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት (ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ ወይም ከዚያ የተጠገነ) የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ሳታዩ ቀብድ እንኳ አትስጡ።

ዋናው ፈተና አንድ ነው። «ለአንድ ሰዓት ወደኔ መካኒክ ልውሰደው» በሉ። የሚተማመን ሻጭ ይፈቅዳል። «እኛ አስመርምረነዋል»፣ «ኢንሹራንሱ አይፈቅድም»፣ «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ካለ ላሽ በሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

3 ሲሪስ ካልነዳሁ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ፣ ከ2017 ጀምሮ ያለው 330አይ ሌላ ሞተር ነው ያለው፣ በካቴና በኩል የተሻለ ስም አለው። ከቢኤምደብሊው ዲለር ሰርቲፋይድ (ተመርምሮ የፋብሪካው ዋራንቲ የተሰጠው) ሆኖ ከተገዛ፣ የአዲሱ መኪና የ4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ዋራንቲ ሲያልቅ ተጨማሪ አንድ ዓመት ማይል ሳይገደብ ይሰጣል። የትንሹ ዲለር መስታወት ላይ የተለጠፈው «ሰርቲፋይድ» ግን ወረቀት ነው፣ ከፋብሪካው ጋር አይገናኝም። አዲሱን መግዛት ደግሞ አቅሙ ላለው የተለየ ጨዋታ ነው፣ ቢያንስ በዋራንቲው ዘመን ካቴና አያስጨንቅም። «ትንሽ ነድቼው አገር ቤት እልከዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና ማስገባት ከልክላለች፣ ያ ሐሳብ ቀርቷል።

አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ባየርስ ጋይዱን፣ የሽያጭ ውሉን፣ የብድር ወረቀቱንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ቴክስት በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ። ሜሪላንድ ከሆናችሁ የአቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ዲለሮችን የሚቆጣጠር የሞተር ተሽከርካሪ ዲለሮች ቦርድ አለ። ዲሲም ወደ አቃቤ ሕጉ ቢሮ ነው። የአክስቴ ልጅ አቤቱታውን አስገብቷል፣ እየጠበቀ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ማታ ማታ እመለከተዋለሁ።