ከ14 ወራት በኋላ፦ በፒክአፕ መኪናዬ ሞተር ላይ የቀየርኳቸው አራት የካምሻፍት ፌዘሮች

ስለ አንድ የሞተር ዕቃ በተገጠመ በሳምንቱ የሚጻፍ ምስጋና ብዙም አያስተማምንም፤ አዲስ ዕቃ ሁሉ ለጊዜው ጨዋ ነው። እኔም አራቱንም የካምሻፍት ፌዘሮች (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክሉትን ዕቃዎች) ባስቀየርኩ በማግስቱ ለመጻፍ ተቻኩዬ ነበር፤ ያን ጊዜ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ግማሹን ማረም ይኖርብኝ ነበር። ዕቃዎቹ የተገጠሙት መኪናው 186,000 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ሲሆን፣ ይህን ስጽፍ 14 ወራት አልፈዋል፤ የተነዳውም ተጨማሪ 23,400 ኪሎ ሜትር ነው። በእነዚህ ወራት ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ የሰማሁትን ድምፅ፣ የዘይቱን መጠንና የነዳጁን ፍጆታ በአንዲት ትንሽ ደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮችም ከዚያችው ደብተር የተወሰዱ ናቸው።

የፌዘር ስም ለብዙ ባለ መኪና እንግዳ ቢሆንም ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የቫልቮችን መክፈቻ ጊዜ የሚቀይር ሥርዓት ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በአልፋ ሮሜኦ ነበር። ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ይህን ምጣኔ የሚጠብቀው የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው። ፌዘሩ በሰንሰለቱና በካምሻፍቱ መካከል ይቀመጣል። ጥርስ ያለውን የውጪ ቤቱን ሰንሰለቱ ያዞረዋል፤ ክንፎች ያሉት የውስጥ እምብርቱ ደግሞ ከካምሻፍቱ ጋር በብሎን ይታሰራል። በክንፎቹ ግራና ቀኝ ባሉት ክፍት ቦታዎች የሞተር ዘይት በግፊት ሲገባ እምብርቱ ከቤቱ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ይዞራል፤ ቫልቮቹም በዚያው ልክ ቀድመው ወይም ዘግይተው ይከፈታሉ። ዘይቱ በየትኛው በኩል ይግባ የሚለውን የሚወስነው ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚቀበለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሶሌኖይድ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ስለሚወርድ፣ እምብርቱን መነሻ ቦታው ላይ ቆልፎ የሚያቆየው በስፕሪንግ የሚገፋ አንድ ትንሽ ፒን ነው። የእኔም ጣጣ የመጣው የጣት ጫፍ ከማታህለው ከዚህችው ፒን ነበር።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ጠዋት፣ መኪናው ሲነሳ በሚሰማ የሁለት ሰከንድ መንቋቋት ነው። ጠጠር የተጨመረበት ቆርቆሮ ሲወዘወዝ የሚሰጠውን ድምፅ ይመስላል፤ ከዚያ ዘይቱ ሲደርስ ጸጥ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጸጥ የሚል በሽታ በሽታ አይደለም ብዬ አለፍኩት። ከዓመት ገደማ በኋላ ግን ድምፁ አራት ሰከንድ ደረሰ፤ ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራም መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻም የሞተር መብራቱ በርቶ የምርመራ መሣሪያው ፒ0022 የሚለውን ኮድ አወጣ። ይህ ኮድ በሁለተኛው የሲሊንደር ረድፍ ያለው የመግቢያ ካምሻፍት (የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን የሚከፍተው) ከታዘዘለት ቦታ ዘግይቶ መቅረቱን የሚናገር እንጂ ጥፋተኛው ፌዘሩ ነው ብሎ የሚፈርድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሶሌኖይዱ ተጣብቆ፣ የዘይቱ ግፊት ወርዶ ወይም ሰንሰለቱ ረዝሞ ያው ኮድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የግራና የቀኙን ሶሌኖይዶች አቀያየርናቸው፤ ኮዱ ግን ከነበረበት ረድፍ አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ የዘይቱን ግፊት በዳሽቦርዱ ጠቋሚ ሳይሆን በቀጥታ በሚታሰር መለኪያ፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ ለካነው፤ የጥገና መመሪያው ከሚጠይቀው በላይ ሆኖ ተገኘ። ፌዘሩን መጠርጠር የጀመርነው እነዚህ ሁለቱ ከተጣሩ በኋላ ነው።

ሞተሩ በቪ ቅርጽ የተሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን፣ በየረድፉ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ካምሻፍቶችና አራት ፌዘሮች አሉት። እኔ የፈለግኩት የሚጮኸውን አንዱን ብቻ መቀየር ነበር። ሥራውን አብሮኝ የሠራው መካኒክ ግን ዕድሜውን በሞተር ላይ ያሳለፈ ሰው ነውና፣ «ጋሼ፣ በሩን ለመክፈት ሁለት ቀን ከፈጀብን ቤቱን ሳንጠርግ አንወጣም» አለኝ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ፌዘሩ ዘንድ ለመድረስ ራዲያተሩ፣ ቺንጊያው፣ የክራንክሻፍቱ ፑሌ፣ የሁለቱ ወገን የላይ ክዳኖችና ሰፊው የፊት ክዳን መነሳት ነበረባቸው። አራቱን ፌዘሮች፣ አንዱን ረጅምና ሁለቱን አጫጭር ሰንሰለቶች፣ ውጥረት ጠባቂዎቻቸውን፣ የፕላስቲክ መሪዎቹን እና አራቱን ሶሌኖይዶች አንድ ላይ ቀየርን። የላላ ሰንሰለትም ሞተር ሲነሳ ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያወጣ፣ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው በኋላ የጥርጣሬ ምንጭ መሆኑ አይቀርም።

አሮጌው ፌዘር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ነገር ከኮዱ ይልቅ አሳመነኝ። በጨርቅ ጠርጌ የውጪ ቤቱን በግራ እጄ ይዤ እምብርቱን በቀኝ እጄ ሳዞረው፣ ተቆልፎ መቆየት ሲገባው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ በየጫፉ «ቋ» ይላል። ገልጠን ስናየው፣ ፒኑ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ በአንድ ጠርዙ ተበልቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል፤ የፒኑም አናት ተድጧል። ሌሎቹ ሦስቱ ይህን ያህል ባይጎዱም አንዱ መላላት ጀምሮ ነበር። አዲሱን በተመሳሳይ መንገድ ለማዞር ስሞክር ግን እንደ አንድ ወጥ ብረት እምቢ አለ።

ከዚያ በላይ ያስገረመኝ የሶሌኖይዶቹ ወንፊት ነው። ዘይቱ ወደ ቫልቩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባት፣ ዐይኗ በጣም የጠበበ የብረት ወንፊት አለች። በተበላሸው ረድፍ በኩል ያለችው ወንፊት ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ ክዳን ለማሸግ የሚቀባ ግራጫ ሲሊኮን ቁርጥራጮች ተለጥፈው አገኘን። ከእኔ በፊት መኪናውን የነዳው ሰው አንድ ጊዜ ክዳኑን አስከፍቶ ኖሯል፤ ክዳኑን የገጠመው ሰውም ሲሊኮኑን እንደ ቅቤ አብዝቶ ቀብቶት፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ተበጣጥሶ በዘይቱ ሲዞር ኖሯል። በእኔ ግምት ፌዘሩን ለዚህ ያበቃው የዘይት እጥረቱ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ የፊት ክዳኑ ሲገጠም ሲሊኮኑን በጣም በቀጭኑ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። መካኒኩ አንገቱን ነቅንቆ እንዳልኩት አደረገልኝ፤ ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ አገጣጠሙ ብዙ አልልም፤ የየሞተሩ መመሪያ ይለያያልና። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊታለፉ አይገባም። የፌዘሩ ብሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ስለሆኑ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ከታሰሩ በኋላ በተወሰነ ዲግሪ ተጨምረው ይዞራሉ፤ አሮጌውን ብሎን መልሶ ማሰር ለብሎን የሚወጣውን አትርፎ ሞተሩን እንደማስያዝ ነው። ሁለተኛው፣ የሰንሰለቱና የጥርሶቹ ምልክቶች ሁሉ ከተገጣጠሙ በኋላ ሞተሩን በእጅ፣ በመደበኛ አዟዟሩ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነው። እንደዚህ ባለው ሞተር ጊዜው ከተዛባ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ግጭቱ በመፍቻ ሲዞር በእጅ ቢታወቅ ይሻላል። እኛም በዚህ ማጣራት ላይ የግራው ወገን በአንድ ጥርስ አልፎ ስላገኘነው ፈትተን እንደገና አሰርነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ሞተሩ ግን ተረፈ።

በመጀመሪያው ጠዋት ሞተሩ ያለ አንዳች ድምፅ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት የደብተሬ ገጾች «ጸጥ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የላቸውም። በስድስተኛው ወር መኪናው 11 ቀን ቆሞ ከነበረ በኋላ ሳስነሳው ለአንድ ሰከንድ ያህል ያ የማውቀው ድምፅ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ሆዴ ተንቦጫቦጨ፤ ያን ሁሉ ወጪና ድካም አሰብኩ። በማግስቱ አልነበረም፤ ሦስት ቀን አቁሜ ስሞክረው እንደገና ተሰማ። ፌዘሩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ይሰማ ነበር ብዬ በማሰብ ወደ ዘይት ፊልትሮው ዞርኩ። ፊልትሮው ውስጥ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ የምትከለክል የላስቲክ ቫልቭ አለች። በመጨረሻው የዘይት ቅያሬ ላይ የገዛሁት ፊልትሮ ከወትሮው የረከሰ ነበር፤ አውጥቼ ቀድጄ ሳየው ላስቲኩ በጥፍር ሲነካ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ሆኖ አገኘሁት። መኪናው ብዙ ቀን ሲቆም ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲነሳም ፌዘሩ ለጥቂት ጊዜ ባዶውን ይሠራል ማለት ነው። በጥሩ ፊልትሮ ከተተካ ወዲህ መኪናው አንድ ጊዜ 16 ቀን ቆሞ ነበር፤ ሲነሳ ምንም አልተሰማም። ይህን ያህል የምዘረዝረው፣ ብዙ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ዕቃው አስመሳይ ነው ብሎ ሻጩን እንደሚራገም ስለማውቅ ነው፤ እኔም አንድ ቀን ያህል ተራግሜያለሁ።

በአነዳድ በኩል ያገኘሁት ለውጥ አለ፤ ነገር ግን እንደሚወራው አይደለም። ቆሞ ሲሠራ የነበረው መንቀጥቀጥ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር በዝቅተኛ ዙር ላይ የነበረው መታፈንም የለም፤ ማርሹ ቀድሞ በሚወርድበት ቦታ አሁን ሳይወርድ ይወጣል። የነዳጅ ፍጆታው ፌዘሮቹ ከመቀየራቸው በፊት በነበሩት ሦስት ወራት በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር 13.1 ሊትር ሲሆን ከዚያ ወዲህ 12.5 ሊትር ነው፤ ከዚህም ውስጥ አብረው የተቀየሩት የአየር ፊልትሮና ሻማዎች ድርሻ ይኖራቸዋል። በነዳጅ ቁጠባ ወጪዬን እመልሳለሁ ብሎ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ቢቀርበት ይሻለዋል።

ከዕቃዎቹ ይልቅ ልማዴን የቀየረው ዘይቱ ነው። ቀድሞ በየ10,000 ኪሎ ሜትር እቀይር ነበር፤ አሁን በየ6,000 ኪሎ ሜትር ነው። ዘይት ለዚህ ሞተር ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ፌዘሩን የሚያዞረው ጉልበትም ጭምር ነው፤ ሲቆሽሽ ወንፊቷን ይደፍናል፣ ሲያንስ ፒኑን በወቅቱ አይገፋም። አንዳንዶች ድምፁን ለማፈን ወፈር ያለ ዘይት እንድጠቀም መክረውኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም። ወፍራም ዘይት በብርድ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ ችግሩ ደግሞ የሚፈጠረው በእነዚያው የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። አምራቹ ያዘዘው 5ደብልዩ-30 የሚባለውን የዘይት ውፍረት ደረጃ ነው፤ እሱኑ እጠቀማለሁ።

በዕቃው ላይ ያለኝ ቅሬታ ከአሠራሩ ሳይሆን ከአቀራረቡ ነው። አራቱ ፌዘሮች በአንድ ካርቶን ሲመጡ አዲስ ብሎን አልነበራቸውም፤ የግድ የሚቀየር ዕቃ ተነጥሎ መሸጡ አልገባኝም። የመግቢያና የመውጫ ፌዘሮቹም በዐይን ሲታዩ መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው ከጀርባ የተቀረጸ ትንሽ ቁጥር ብቻ ሲሆን አብሮ የመጣችው ወረቀት ስለዚህ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈችም። ከካርቶኑ ሲወጡ በቋሚ ቀለም ምልክት ባናደርግባቸው ኖሮ አንዱን ተሳስተን ለመግጠም ጥቂት ቀርቶን ነበር። ጥራቱን በተመለከተ ግን በ12ኛው ወር የላይ ክዳኑ ለሌላ ጉዳይ ሲነሳ ከላይ የሚታዩትን አይቻቸዋለሁ፤ ጥርሳቸው ላይ ያልተለመደ መበላት የለም፣ ሶሌኖይዶቹም ሲወጡ ወንፊቶቻቸው ንጹሕ ነበሩ።

የሲሊኮኑ ነገር ግን አልቀረልኝም። በዘጠነኛው ወር የፊት ክዳኑ ከዘይት ቋቱ ጋር በሚገናኝበት የታችኛው ማእዘን ላይ እርጥበት ታየ። ማእዘኑ ሦስት አካላት የሚገናኙበት በመሆኑ ከሌላው ቦታ ወፈር ያለ ቅባት ይፈልጋል፤ መካኒኩ አንገቱን የነቀነቀው ለዚሁ ነበር። መሬት ላይ የሚያርፍ ጠብታ የለም፤ በሁለት ዘይት ቅያሬ መካከል የሚሰበሰበው አቧራ የያዘ ቀጭን ወዝ ብቻ ነው። ለእሱ ብሎ ክዳኑን ማውለቅ ያን ሁሉ ሥራ መድገም ስለሆነ፣ የውሃ ፓምፑ ተራ ሲደርስ አብሮ እንዲታሸግ ተስማምተናል። እስከዚያው ዘይት በተቀየረ ቁጥር በጨርቅ እጠርገውና ወርዱን በማስመሪያ እለካዋለሁ፤ ባለፉት ሦስት ልኬቶች አራት ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሟል።